ከመጥራት በፊት መስማት

በደጋው አገራችን ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከማዶ ላለ ጎረቤቱ መልእክት ያለው ሰው ሸለቆ ውስጥ ቆሞ አይጮኽም፤ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል እንጂ። ድምፁ የሚርቅለት ጉልበቱ ስለጨመረ ሳይሆን የሚጋርደው ነገር ስለሌለ ነው። ዛሬ አሳባችንን ልንገልጽበት የወደድነው በተራራ ጫፍ ላይ የሚሠራው የአማተር ሬዲዮም ከዚህ ከጥንቱ ጥሪ እጅግ የራቀ አይደለም።

አማተር ሬዲዮ ማለት ገንዘብ ለማግኘት ሳይሆን ዕውቀትን ለማዳበርና ከሰው ጋር ለመገናኘት በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የሚገኙ አማተሮች ይህንን ሥራ ከተራራ ጉዞ ጋር አጣምረው «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። ደንቡ ቀላል ቢሆንም ጥብቅ ነው። ተጓዡ መሣሪያውን ተሸክሞ የመጨረሻውን አቀበት በራሱ ጉልበት ይወጣል። ከመኪና ሆኖ መሥራትም ሆነ በነዳጅ ጄኔሬተር መጠቀም ክልክል ነው። ነጥብ የሚያገኘው ከአራት የተለያዩ ጣቢያዎች ጋር ሲነጋገር ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተራራ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ተመድቦለታል። 1,000 ነጥብ ያጠራቀመ ሰው «የተራራ ፍየል» የሚል የክብር ስም ይሰጠዋል። በአገራችን ቢሆን ኖሮ «ዋሊያ» ይባል ነበር ብለን እንገምታለን።

ብዙ ጀማሪዎች ነገሩ ሁሉ የመሣሪያ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። 5 ዋት ኃይል ያላት የእጅ ሬዲዮ የምትልከው የሁለት ሜትር ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዐይን ዕይታ በቀጥታ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አድማሱ ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። 1,085 ሜትር ከፍታ ባለው በዌልሱ የስኖውደን ተራራ ጫፍ ላይ ግን ያችው ሬዲዮ እስከ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ አድማስ ይከፈትላታል። እንግዲህ ገንዘብ ያልሰጠውን እግር ይሰጣል ማለት ነው። ጀማሪው ውድ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ፈተናውን አልፎ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያግኝ፤ ከዚያም በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ከቅርብ ኮረብታ ይጀምር የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ጀማሪው እያለከለከ ከጫፉ እንደ ደረሰ ሬዲዮውን ከፍቶ ወዲያው መጣራት ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚያው ሞገድ ላይ ሲነጋገሩ የነበሩትን ሰዎች ያውካል። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ቢያጠፋ የሚያስቸግረው ጥቂት ጎረቤቶቹን ነው፤ ከተራራ ጫፍ የሚያጠፋ ግን አውራጃ ሙሉ ይረብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮን ሰጥቶ ማዳመጥ፣ ቀጥሎም ሞገዱ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ፣ በመጨረሻ መጥራት ይገባል። በአውሮፓ አማተሮች 145.500 ሜጋኸርዝን ለመጠራሪያ ይጠቀሙበታል። መልስ የሰጠ ሰው ሲገኝ ሁለቱም ወደ ሌላ ነፃ ሞገድ ይዛወራሉ፤ የመጠራሪያው ስፍራ እንደ ድልድይ ነውና ማንም ቆሞ አይነጋገርበትም። ሰዓቱን፣ የጥሪ ምልክቱንና የድምፁን ጥራት በማስታወሻ ላይ መጻፍም የሥራው ክፍል ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በጫፉ ላይ ያለው ሰው ደካማ ድምፁን የሚሰማለት፣ በቤቱ ተቀምጦ ትልቅ አንቴናውን ወደ ተራራው አዙሮ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ነው። ደንቡ ለእርሱም ነጥብ መስጠቱ ተገቢ ነው። ታች ያለው ባይሰማ ኖሮ ላይ ያለው ለነፋስ ያወራ ነበር።

ተራራ ቀልድ አያውቅምና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተ ሰብ ነግሮ መሄድ፣ ባትሪ በብርድ ስለሚደክም በልብስ ውስጥ መያዝ፣ ነጎድጓድ ሲሰማም አራቱ ግንኙነት አልሞላም ሳይሉ አንቴናን አውርዶ መውረድ ይገባል። ነጥቡ ሌላ ቀን ይገኛል።

«በእጅ ስልክ ዘመን ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አይጠፉም። ስልኩ ግን ያለ ማማው አንዲት ቃል አያሻግርም፤ ተጠቃሚውም ድምፁ እንዴት እንደተሻገረ ሳያውቅ ይኖራል። የአማተር ሬዲዮ ተማሪ አንቴናውን በገዛ እጁ ይሠራል፤ ለምን እንደተሰማና ለምን እንዳልተሰማም ይመረምራል። በአገራችንም በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪዎች ኢቲ3ኤኤ በሚለው የጥሪ ምልክት ድምፃቸውን ለዓለም አሰምተዋል። ሞገድ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይገባም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚቀርብላቸው ወጣት ሠራተኞች ሬዲዮ የያዘውን ተማሪ ሁሉ በጥርጣሬ ከማየት ይልቅ ደንቡን አስረድተው መንገዱን ቢያሳዩት አገር ባለሙያ ታተርፋለች ብለን እናምናለን።

ከፍ ያለ ቦታ ድምፅን ያርቃል፤ ጆሮን ግን አይሰጥም፤ ጆሮን ይዞ መውጣት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ዛሬ ኮረብታ ላይ የሚወጣው ተማሪ፣ ነገም ወንበር ላይ የሚወጣው ሹም፣ ከመጥራቱ በፊት መስማትን እንዲለምድ አደራ እንላለን።