በገበታችን ላይ መጤው ማን ነው?

የሰው ልጅ ከተወለደበት ቀዬ ሲነሣ ልብሱን ሊለውጥ፥ አዲስ ቋንቋም ሊማር ይችላል፤ የእናቱን ወጥ ጣዕም ግን አይረሳም። ስለዚህ በደረሰበት ከተማ ሁሉ ድስቱንና ምጣዱን ይተክላል። የከተሞቻችን ምግብ ቤቶች ታሪክም ከዚህ ይጀምራል።

ቀድሞ በአገራችን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። መንገደኛው ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይጠናል፤ ባለቤቱም ካለው ያካፍለዋል። ዘመድ በአጠገቡ ያለው ሰው ምግብ ቤት አያስፈልገውም። ምግብ ቤትን አጥብቆ የሚሻው ዘመዱን ትቶ የመጣው ሾፌር፥ ነጋዴ፥ ወታደርና ተማሪ ነው። አምቦም ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ በፍልውሃዋም ብዙ እንግዳ የምትቀበል ከተማ ስለ ሆነች፥ ለእንደዚህ ያለው ሰው እንግዳ አይደለችም።

ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ወደ አንዱ ምግብ ቤት ገብተን የምግቡን ዝርዝር ብናነብ የብዙ አገር ቋንቋ እናገኛለን። ፓስታ፥ ማካሮኒና ማኪያቶ፥ ሒሳብ የምንከፍልበትም ባንኮኒ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ሥጋ የምንገዛበት ሉካንዳ እንኳ በጣሊያንኛ ትርጕሙ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በግፍ ይዘው ነበር። አባቶቻችን ወራሪውን አስወጡ፤ ምግቡ ግን ቀረ። ቀርቶም የእኛ ሆነ፤ በስልሱ በርበሬ ተጨመረበት፥ በጾም ቀን ተበላ፥ ከእንጀራም ጋር ቀረበ። ሹካ፥ ስኳርና ፉል ደግሞ ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በየከተማው ሱቅ ከፍተው ከነበሩት የየመን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ትንሹን ሱቅ «ዐረብ ቤት» የማለት ልማድ ግን ከእነርሱ የቀረ ነው።

የመጣው ከባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሥራ ፍለጋ የገቡት ጉራጌዎች ክትፎንና ቆጮን ይዘው መጡ፤ ዛሬ ክትፎ የሌለበትን ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከኦሮሞ ቤት የተነሣው ጨጨብሳም በአዲስ አበባ የቍርስ ገበታ ላይ ተወዳጅ ሆኗል።

የእኛም ከተማ ስሟን ወደ ሌላው ገበታ ልካለች። ጋዝ ያለውን የማዕድን ውሃ የአገሩ ሰው ሁሉ «አምቦ» ብሎ ያዝዛል፤ የጉደርም ስም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ዞሯል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በብዛት የተሰደዱት ወገኖቻችንም በዋሽንግተን ፈረንጁን እንጀራ በእጁ ቈርሶ እንዲበላ አስተማሩት። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ በተባለው ጐዳና ምግብ ቤቶቻቸው ስለ በዙ፥ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሌላ ስፍራ መጥቶ በከተማችን የሚነግደውን ሰው «መጤ» ብሎ መጥራት በመንገድም፥ በተማሪዎችም መካከል ይሰማል። የዚያ ሰው ልጅ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል። በቀትር ከሳህኑ የበላንለትን ሰው በማታ መጤ ማለት ተገቢ ነውን? በሎስ አንጀለስ ያለው ወንድማችን በዚህ ስም ቢጠራ ደስ ይለናልን?

አንዳንድ ሰዎች «ንግዱን እነርሱ ያዙት፤ የአገሬው ምግብም ተረሳ» ይላሉ። ስለ ንግዱ የሆነ እንደ ሆነ፥ ክትፎ ቤቱ በሬውንና ቅቤውን፥ እንጀራ ጋጋሪዋም ጤፉን ከገበያ ይገዛሉ፤ ገንዘቡም ወደ ገበሬው ይመለሳል። ስለ ምግቡ የሚናገሩት ግን እውነት አለበት። ጩኮና ማርቃ በየቤታችን የተከበሩ ሲሆኑ፥ በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ እምብዛም አናያቸውም። ነገር ግን ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም። እርሱ የእናቱን ድስት ሳያፍር በአደባባይ ጣደ፤ እኛ ግን የእናታችንን ድስት በጓዳ ደበቅን። ከእርሱ ልንማር የሚገባንም ይኸው ነው።

እንግዲህ፥ ወላጆቻችን ሆይ፥ የጩኮውን አሠራር ለሴቱም ለወንዱም ልጅ አስተምሩን። መምህራኖቻችንም የከተማችንን ምግቦች ታሪክ እንድንሰበስብ ምሩን። እኛ ተማሪዎችም «መጤ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ነገ ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ፥ ያን ጊዜ እንግዶቹ እኛ ነንና።