ባሕር የለንም፣ ጎርፉ ግን ከባሕር መጣ

«ባሕር የለንም፤ የባሕር አውሎ ነፋስ የጎረቤት ጣጣ ነው» የሚል ሰው ግንቦት 11 ቀን 2010ን ያስታውስ። ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ያን ዕለት ሉግሃያ አካባቢ የሶማሊላንድን ዳርቻ መታ። ቦታው ከጅግጅጋ በቀጥታ መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ የብስ ላይ ደከመ፤ ዝናቡን ግን ኬላ አላቆመውም። ጎርፉ ሲቲ ዞን ገባ።

የባሕር ዳርቻ አገሮች ለዚህ መላ አላቸው። ኮምፒውተር የዝናቡን መጠንና የመሬቱን ከፍታ ወስዶ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ ያሰላል። ስሌቱ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ድልድዩ በሚታይበት ዲጂታል ካርታ ላይ ይነጠፋል። ያኔ «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» መባሉ ይቀርና «ከድልድዩ በታች ያላችሁ ሳይመሽ ውጡ» ይባላል።

ገንዘብ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም። ሄክ-ራስ የተባለው የጎርፍ ማስያ ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፤ የካርታው ኪውጂአይኤስም እንዲሁ። በ30 ሜትር ርቀት የተለካ የሳተላይት የከፍታ መረጃም በነጻ ይገኛል። ችግሩ አሥር ሜትር የሚሰፋ ቦይ በዚህ መረጃ አለመታየቱ ነው። ሰው የሚገድለው ደግሞ እሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ከዚያ ድንገት የሚሞላው። ሶማሌዎች «ቶግ» ይሉታል (ቶጎ ውጫሌ በስሟ ይዛዋለች)። የቱቦው አፍ በፌስታል መደፈኑን፣ አዲሱ አስፋልት ውሃውን ወደ ሰፈር መመለሱን ሳተላይት አይናገርም። ቀያሽ በእግሩ ሄዶ ይለካ፤ ያለፈው ጎርፍ የት እንደደረሰም ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

ስሌቱ ከከተማው ወሰን ላይ መጀመር የለበትም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዶፉ የወረደው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ታች የተኛው ሰው ምን ያውቃል?

በከተሞቻችን «ካርታ» ሲባል የሚታሰበው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ሰው ዓመታት የሚመላለስለት ያ ወረቀት ስለ ውሃው መንገድ አንድ መስመር የለውም። የጎርፉ ወሰን እዚያው ላይ ይሰመር፤ ሳይሰመር ቦታ አይመራ። የሚያስፈራው የፕሮግራሙ ዋጋ አይደለም። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ በቶግ ውስጥ ቦታ የመራ ኃላፊ «አላወቅሁም ነበር» ማለት አይችልም።