ለሞተር ሳይክል ነጂው የዓይን መከላከያም በጀት ይያዝለት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሞተር ሳይክል በገጠሩ አካባቢ የበቅሎን ሥራ እየተረከበ መምጣቱ የታወቀ ነው። የእንስሳት አዳቃዩ፣ የክትባት ባለሙያው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወሩት በእርሱ ነው። ለግዢው፣ ለቤንዚኑና ለጎማው ገንዘብ ይመደባል፤ የራስ ቁር የሚጨምሩም አሉ። ስለ ነጂው ዓይን ግን በስብሰባም ሆነ በግዢ ዝርዝር ላይ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

ጉዳዩ የነጂው ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የአዳቃዩን ሥራ መመልከት ይበቃል። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የታየችውም በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል ይኖርባታል። ይህ ካለፈ ቀጣዩ ዕድል የሚገኘው ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። አዳቃዩ ዓይኑን ጠጠር መትቶት ለአንድ ሳምንት ጤና ጣቢያ ቢመላለስ፣ በዚያ ሳምንት ያመለጡት ላሞች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው የሦስት ሳምንት ኪሣራ ይሆናሉ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የአንድ መነጽር ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዓይኑ የገባች ትንኝ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ብታስጨፍነው ከ30 ሜትር በላይ በጭፍን ተጓዘ ማለት ነው። የበጋው አቧራ፣ የጭነት መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር፣ ወደ መንገዱ ያዘነበለው የግራር ቅርንጫፍ ሲጨመሩ አደጋው ቀላል አይሆንም።

ብዙው ነጂ የሚያደርገው በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ጥቁር መነጽር ነው። ይህ መነጽር ጎኑ ክፍት ነው፤ መስተዋቱ ተራ ብርጭቆ ከሆነ ሲመታ ተሰባብሮ ራሱ ዓይን ይወጋል። ከዚህም በላይ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የማያግድ ከሆነ ጥቁረቱ የዓይንን ብሌን አስፍቶ ጨረሩን የባሰ ያስገባል። ሲመሽ ደግሞ ጉድጓዱንም ላሙንም ይሸሽጋል።

የተሻለው መነጽር ርካሹ መሆኑ ብዙዎችን ሳያስገርም አይቀርም። የሕንፃ መሣሪያ በሚሸጥባቸው መደብሮች ብረት ለሚሞርዱ ሠራተኞች የሚቀርበው፣ ጎኑ የተሸፈነ፣ ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ጥርት ያለ መነጽር ለሞተር ነጂም ይሆናል። ፖሊካርቦኔት ቀለም ባይኖረውም አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀራል፤ ሌሊትም ያሳያል። ሲገዛ በክፈፉ ላይ በላቲን ፊደል ኢኤን 166 እና ኤፍ የሚል ምልክት ይፈለግ። ኤፍ ማለት 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወርውራበት የቻለ ማለት ነው። ዜድ 87 ተብሎ የመደመር ምልክት የተጨመረበትም ለከባድ ምት የተፈተነ ነው። እርግጥ ምልክት ማተም ለማንም አያቅትም፤ ስለዚህ ደረሰኝ ከሚሰጥ መደብር መግዛት ይመረጣል። መነጽሩን ከፊት አርቆ ይዞ የበር መቃን በእርሱ ውስጥ እያዩ ማንቀሳቀስም ይጠቅማል፤ መቃኑ ከተጣመመ መነጽሩ ይቅር።

አቧራው ለሚበዛበት ቆላ ዙሪያውን ፊት ላይ የሚገጥም፣ በጎኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ይሻላል። ቀዳዳ የሌለው በደጋ ብርድ ጉም ይይዛል። የሐኪም መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከላይ የሚደረብ ሰፊ ዓይነት አለ።

ከዚህ ላይ የማኅበር መሪዎች ሊያጤኑት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። መነጽሩ በንብረት መዝገብ ቋሚ ዕቃ ተብሎ ከሰፈረ ነጂው ተጠያቂነትን ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። እንደ ጎማው ሁሉ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ፤ ሲጫጫርም ይለወጥ። የተጫጫረ መነጽር በሌሊት የመጪውን መኪና መብራት በትኖ ያሳውራል። አቧራውን በደረቁ በጋቢ ጫፍ መጥረግ የሚጭረው ስለሆነ በቅድሚያ በውኃ መታጠብ አለበት።

ዓይን ከተጎዳ ግን ማሸት አይገባም። አቧራ ብቻ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ የተሰካ ነገር ካለ ሳይነኩት በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እሾህና ቅጠል የቧጨረው ዓይን በቶሎ ስለሚያመረቅዝ ቅጠል ጨምቆ ማንጠብ ጉዳቱን ያብሰዋል።