ወረት ምሰሶ አይሆንም

ብዙ ሰው የወደደው ነገር ሁሉ ጸንቶ የሚኖር ይመስለናል። ዛሬ ስሙ በየአፉ የሚጠራ፥ ሥዕሉ በልጆች ልብስና በደብተር ሽፋን ላይ የሚታይ ሁሉ ነገም እንዲሁ የሚሆን ይመስለናል። ዳሩ ግን መወደድ አንድ ነገር ነው፤ መሸከም ሌላ ነገር ነው። አበባ ይወደዳል፤ ቤቱን የሚሸከመው ግን ምሰሶ ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን ሳይለዩ ቀርተው ድካማቸውንና ገንዘባቸውን ስለሚያጠፉ፥ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ አስቤአለሁ።

በአቡ ዳቢ ከተማ የሚሠራ አንድ የእኅቴ ልጅ አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በጻፈልኝ ደብዳቤ፥ በያስ ደሴት ላይ ያለውን ዋርነር ብሮስ ወርልድ የሚባለውን የመዝናኛ ፓርክ በዕረፍቱ ቀን አይቶ እጅግ እንደ ተደነቀ ገለጠልኝ። «ጋሼ፥ ባትማንና ሱፐርማን ያሉበትን ክፍል ቢያዩት ይገረሙ ነበር። እነዚህ የፊልም ጀግኖች ለብቻቸው አንድ ሙሉ ፓርክ ቢሰጣቸው ዓለም ሁሉ ይጎርፍ ነበር» ይላል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፈገግ ብዬ ባለፍኩት። ነገር ግን በደብዳቤው መጨረሻ፥ በስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስና፥ ከግድግዳው እስከ ጣራው በአንድ የፊልም ጀግና ሥዕል የተሞላ የልጆች መጫወቻ ቤት ሊከፍት መቁረጡን ነገረኝ። እንግዲህ ክርክሩ የጨዋታ ክርክር መሆኑ ቀረና የስድስት ዓመት ላብ ጉዳይ ሆነ። የሰጠሁት መልስ ለሌሎችም ወጣቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተከራካሪዬን ቃል በሙሉ ኃይሉ ላስቀድም፤ የደከመውን ቃል መርታት ክብር አይደለምና። ማርቭል የሚባለው ድርጅት በ2008 አይረን ማን በተባለው ፊልም የጀመረው ተከታታይ ታሪክ፥ በ2019 የወጣውን አቬንጀርስ ኤንድጌምን ባሳየ ጊዜ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር የበለጠ የመግቢያ ገንዘብ ከዓለም ሰበሰበ። የዲዝኒ ኩባንያም የዚህን ነገር ጥቅም አስቀድሞ አይቶ ማርቭልን በ2009 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማማ። «ይህን ያህል ሕዝብ የሚወዳቸው ጀግኖች አንድ ፓርክ ማቆም እንዴት ያቅታቸዋል?» የሚል ሰው አላዋቂ ነው አይባልም። ነገር ግን ተሳስቷል፤ ምክንያቱም ሦስት ነው።

አንደኛ፥ ፊልም ወደ ሰው ይሄዳል፤ ፓርክ ግን ሰው ወደ እርሱ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የፊልም ተመልካች በከተማው ሲኒማ ቤት ገብቶ፥ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በፓርክ ግን ሰው ቢመጣም ባይመጣም መኪናው መመርመር አለበት፤ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ይጠብቃል። ከዚህም በቀር ወደ ፓርክ የሚመጣው ቤተ ሰብ ነው። አያት አለች፤ የሚታዘል ሕፃን አለ፤ ጩኸትና ውጊያ የማይወድ አባትም አለ። ውጊያ ለሚወድ ጎረምሳ ብቻ የተሰናዳ ማዕድ አንዱን አጥግቦ አራቱን ያስርባል፤ የተራቡት አራቱም በሚመጣው ዓመት ተመልሰው አይመጡም።

ሁለተኛ፥ ፓርክ ማለት ቦታ ነው፤ እነዚህ ጀግኖች ግን ጉልበት አላቸው እንጂ አገር የላቸውም። ስፓይደር ማን የሚኖረው በኒው ዮርክ ነው፤ ኒው ዮርክን ማየት የፈለገ ሰው ኒው ዮርክ ይሄዳል። ባትማን ጎታም የምትባል ከተማ አለችው ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን የጎታም ጠባይዋ ጨለማና ወንጀል ስለ ሆነ፥ ሰው የሚሸሻት እንጂ ሊያርፍባት የሚመኛት ከተማ አይደለችም። በ2018 ብላክ ፓንተር በተባለው ፊልም የታየችው ዋካንዳ ግን ከሌሎቹ እንደምትለይ አልክድም። እኛ አፍሪካውያን በተለይ ወደድናት፤ መልኳም ልብሷም የእኛን ይመስላልና። ሆኖም ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በሞት ሲለይ፥ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ታወቀ። ደራሲዎቹም በ2022 የወጣውን ሁለተኛውን ፊልም በንጉሡ ሞትና በልቅሶ ጀመሩት።

ሦስተኛ፥ የፊልም ጀግና የሚኖረው በመለወጥ ነው፤ ፓርክ የሚኖረው በመጽናት ነው። በ2017 በሆንግ ኮንጉ ዲዝኒላንድ ለአይረን ማን በስሙ መጫወቻ ተከፈተለት፤ በ2019 ግን ደራሲዎቹ በፊልሙ ውስጥ ገደሉት። እርሱን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርም ዶክተር ዱም የሚባለውን ክፉ ሰው ሆኖ እንደሚመለስ በ2024 ተነገረ። ፊልም ሠሪ ይህን ቢያደርግ አይነቀፍም፤ ተመልካቹ የሚመጣው አዲስ ነገር ሊሰማ ነው። በብረትና በሲሚንቶ የሠራ ሰው ግን የትናንቱን ጀግና ፊት ከግንቡ ላይ እንዴት ያነሣዋል? የሕዝቡም ፍቅር ቢሆን አይታመንም። በዚያው ተከታታይ ታሪክ ውስጥ በ2023 የወጣው ዘ ማርቭልስ የተባለው ፊልም፥ ኤንድጌም ካገኘው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አላገኘም። የአራት ዓመት ልዩነት ይህን አደረገ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ይህን ያዩ ይመስላል።

እንግዲህ ቃሌን ብቻ እንዳትሰማ፥ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያደረጉትን ተመልከት። ዲዝኒ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ሳለ፥ በ2021 በካሊፎርኒያ፥ በ2022ም በፓሪስ አጠገብ ለአቬንጀርስ የሰጣቸው ቀድሞ በቆመ ፓርክ ውስጥ አንድ አንድ ሠፈር ብቻ ነው። በዱባይ ለማርቭል ጀግኖች ብቻ የሚሆን ፓርክ ሊሠራ መሆኑ በ2007 ታውጆ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። በዚያው በዱባይ በ2016 ሌላ ታላቅ ፓርክ ሲከፈት፥ ጀግኖቹ ከዲኖሰሮችና ከልጆች የካርቱን ሥዕሎች ጋር ጎረቤት ሆነው አንድ ክፍል ብቻ ደረሳቸው። አንተ ያደነቅኸውም በ2018 የተከፈተው ፓርክ ስድስት ክፍል ሲኖረው፥ የባትማንና የሱፐርማን ሁለቱ ብቻ ናቸው። በቀሩት ውስጥ ቶምና ጄሪን የመሰሉ ይቦርቃሉ። ይህን ያደረጉት ጀግኖቹን ንቀው አይደለም፤ አንድ እንጨት ብቻውን እንደማይነድ አውቀው ነው።

በፍሎሪዳ ደግሞ ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በ1994 ከማርቭል ጋር ተዋውሎ፥ በ1999 በከፈተው ፓርክ ውስጥ ለጀግኖቹ አንድ ደሴት ሰጣቸው። የስፓይደር ማን መጫወቻ በዚያ ሲከፈት የ2002ቱ ትልቁ ፊልም ገና አልወጣም ነበር። ታዲያ ሕዝቡ በምን ተሳበ? መጫወቻው መልካም ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። ዛሬ ግን ዩኒቨርሳል የተቀናቃኙ ንብረት በሆኑ ጀግኖች ያጌጣል፤ ዲዝኒም የገዛቸውን ዋና ዋናዎቹን ጀግኖች በፍሎሪዳ ፓርኮቹ እንዳሻው ሊጠቀምባቸው አይችልም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የበለጠውን ትምህርት ግን በዚያው በፍሎሪዳ የተሠራ አንድ ሆቴል ሰጥቶናል። ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ከማርቭል ጀግኖች ባልተናነሰ የተወደደ ነው። ዲዝኒ በ2022 እንግዳው ሁለት ሌሊት በሙሉ የፊልሙን ኑሮ የሚኖርበት ሆቴል ከፈተ፤ ዋጋውም ለሁለት ሰው ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ሆቴሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ2023 ተዘጋ። ወዳጆቹ ወረት ብቻ ነበራቸው አልልም፤ ከልባቸው ይወዱት ነበር። ነገር ግን ከልቡ የሚወድ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚከፍል አይደለም።

ፈረንሳዮች በ1989 ከፓሪስ በስተሰሜን የከፈቱት የአስቴሪክስ ፓርክ በአንድ ተረት ስም ቆሞ ይኖር የለምን? የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ ቆሟል። ነገር ግን አስቴሪክስ በሥዕል መጽሔት የታየው በ1959 ስለ ሆነ፥ ፓርኩ ሲከፈት አባቶች ለልጆቻቸው ካነበቡለት 30 ዓመት ሆኖታል። ደግሞም ሰው ሊኖርባት የሚመኛት፥ በመጨረሻው ሁሉም ለግብር የሚቀመጥባት መንደር አለችው፤ በዙሪያውም ሮም፥ ግሪክና ግብፅ አሉ። የፊልም ጀግኖች አንድ ቀን ይህን ካገኙ ያን ጊዜ ክርክሬን እተዋለሁ።

ወዳጄ ሆይ፥ የእነዚህ ፓርኮች ሁሉ አባት የሚባለው ዲዝኒላንድ በ1955 እንዴት እንደ ተጀመረ ስማ። ዋልት ዲዝኒ እንደ ተናገረው፥ ሐሳቡ የመጣለት ልጆቹ በሎስ አንጀለስ መናፈሻ በሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ ግን ሥራ ፈትቶ በአግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ ለምን አይኖርም? ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጀግና አልነበረም፤ በወንበሩ ላይ ስለ ተቀመጠው አባት ነበር። በፓርኩ መካከል የቆመውም ግንብ በተኝታዋ ልዕልት ስም ሲጠራ፥ የልዕልቲቱ ፊልም የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ1959 ነው። ቦታው ፊልሙን ቀድሞታል።

ስለዚህ የእኅቴ ልጅ፥ ያሰብኸውን የመጫወቻ ቤት ክፈት እንጂ አትክፈት አልልህም። ነገር ግን የጀግናውን ሥዕል ምሰሶ አታድርገው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰውን ሥዕል አንሥቶ መነገድ ስርቆት መሆኑንም አትርሳ። ገንዘብህን አስቀድመህ በዥዋዥዌው ሰንሰለት ላይ፥ ልጅ ሲወድቅ በሚያርፍበት ምንጣፍ ላይ፥ በንጹሕ መጸዳጃ ቤትና በንጹሕ ውሃ ላይ አውጣው። ለእናቶች ጥላ ያለው መቀመጫና ቡና አሰናዳላቸው፤ እናት ካልተመቻት ልጁ ቢያለቅስም አይመጣም። ከዚህ በኋላ የተረፈህ ገንዘብ ካለ፥ በአንዱ ግድግዳ ላይ ልጆች የወደዱትን አስለህ፥ ፍቅራቸው ሲዞር አንተም ቀለሙን ለውጠው።

እናንተም ይህን የምታነቡ ወጣቶች፥ ፊልሙን እዩ፤ በጀግናውም ተደሰቱ። ነገር ግን አንድ ስፍራ ዓመቱን በሙሉ ተከፍቶ ስታዩ፥ በደጁ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ብቻ አታድንቁ። በሌሊት ተነሥቶ የመጫወቻውን ብሎን አንድ በአንድ የሚያጠብቀውን ሰው ፈልጉት፤ ሥራውንም ጠይቁት።