ቆላ የወረደው ወጣት በየትኛው መዝገብ አለ?

ከደብረ ኤልያስ ተነስቶ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሁለት ወር የሚከርም ወጣት ፍልሰተኛ ነው ወይስ አይደለም? ቤተሰቡን ብትጠይቁ "ቆላ ወርዷል" ይሏችኋል። መዝገቡ ግን እቤቱ እንዳለ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ነገሩ ትርጉሙ ላይ ነው። በአገራችን ቆጠራ አንድ ሰው የአንድ ቦታ ነዋሪ የሚባለው በመሠረቱ ስድስት ወር ሲቆይ ወይም ለመቆየት ሲያስብ ነው። በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረም ለአጨዳ ወርዶ ለጤፍ አጨዳ የሚመለሰው በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናትም ትግራይን አላካተተም።

ታዲያ ባይቆጠር ምን ይጎዳል? ሊቦ ከምከምን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ እዚያ የገባው ትኩሳት መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ሲታከም ብዙ ሰው ሞተ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ደግሞ በሑመራና በመተማ ቆላ የታወቀ በሽታ ነው፤ ከዚያ በተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች በኩል ሳይገባ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የጤና ጣቢያ መዝገብ የታማሚውን ብዛት ይነግረናል። "አምና የት ሠርተህ መጣህ?" ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ግን በሽታው የመጣበት መንገድ አይታይም።

በተቃራኒውም ያው ነው። አሥር ወጣት ማነጋገር ስለ መሬት ጥበት፣ ስለ ደላላ፣ ስለተከለከለ ደሞዝ ብዙ ያስረዳል። ስንት አጎበር፣ ስንት መድኃኒት፣ ስንት መጠለያ ይዘጋጅ ለሚለው ግን መልስ የለውም። በጀት የሚያዘው በቁጥር ነዋ!

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች መጠናዊና ዓይነታዊ የሚሏቸው ሁለቱ ዘዴዎች ተራ በተራ መግባት አለባቸው የምንለው። መጀመሪያ ወጣቶቹንና ወላጆቻቸውን ማነጋገር፤ ምን እንደሚቆጠር የሚታወቀው ከነሱ ነው። ቀጥሎ "ባለፉት 12 ወራት ከቤት ወጥቶ የሠራ አለ? የት? ስንት ሳምንት?" የሚለውን በየቤቱ መጠየቅ። ከዚያ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ "ለምን እንዲህ ሆነ?" ማለት።

ሥራው ከቀበሌ ሊጀመር ይችላል። ወጣቱ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ይመዝገብ፤ ሲመለስም ይጠየቅ። ያልተቆጠረ ሰው ሲታመም መድኃኒት አይጠብቀውም።