ሳይረፍድ የሚሰበሰብ ማኅበር

በአዲስ ዓለምም ሆነ በጊንጪ፣ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ አንድ ቤት ሐዘን በገባበት ዕለት እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤቱ እንጀራና ወጡን ተሸክሞ፣ ሐዘንተኛውን ከብቦ የሚያጽናና መሆኑ አገር የሚኮራበት ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ ልጅ መኖር ከብዶት፣ እናቱም ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን እያዳመጠች ስታድር፣ ያንን ቤት የሚጎበኝ ማኅበር እስከ ዛሬ አላቋቋምንም። ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚያስጨንቃቸው አፍላ ወጣቶችና ለአሳዳጊዎቻቸው የመደጋገፊያ ማኅበራት በምዕራብ ሸዋ በየጤና ጣቢያውና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንዲቋቋሙ ይጠይቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727 ሺህ ያህል ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት አልፈዋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆነው ዘንድም ሦስተኛው የሞት መንሥኤ ይኸው ነው። መንሥኤው በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም፤ ድባቴ፣ የቤት ውስጥ በደል፣ የሰላም መታጣት፣ ሥራ ማጣት እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ስንቱ ልጅ ያንን ወረቀት እንደ ዕድሜ ልክ ፍርድ ቆጥሮ ወደ ቤቱ እንደ ገባ መገመት አያዳግትም።

ወላጆች ነገሩን የሚሸሽጉት የሰው አፍ ስለሚፈሩ፣ የፍትሐት ነገርም ስለሚያሰጋቸው ነው። ይሁንና ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ፣ ነፍሱን እንዲወስድ ፈጣሪውን በለመነ ጊዜ፣ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፣ ደካማም አላለውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኝቶም ሳለ ዳግመኛ ተመልሶ ቀሰቀሰው። ዳግማዊ ምኒልክ የተከሏት የአዲስ ዓለም ማርያም ካህናትና በየደብሩ ያሉ የንስሐ አባቶች ይህን ታሪክ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፣ የተሸሸገው ሥቃይ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ሐኪም መድረስ ይጀምራል ብለን እናምናለን።

ማኅበሩ ምኞት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመ ምርምር እንዳሳየው፣ በደቡብ ኡጋንዳ መንደሮች ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ከዚያው አካባቢ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ለ16 ሳምንታት የመሩት ጉባኤ የተሳታፊዎቹን ድባቴ በእጅጉ አቃልሏል። ከ4 ዓመት በኋላ በታተመ ሌላ ምርምር ደግሞ ይኸው ጉባኤ በሰሜን ኡጋንዳ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ በነበሩ አፍላ ልጆች ዘንድ ሲፈተን ልጃገረዶቹን በግልጽ ጠቀመ፤ ወንዶቹ ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ወንድ ልጅ አያለቅስም እያልን ለምናሳድገው ለእኛ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የወንዶቹ ጉባኤ ብርቱ ጥንቃቄና የሚያከብሩት መሪ ያስፈልገዋል።

ጉባኤው ልጆቹ አፋቸውን በፈቱበት በአፋን ኦሮሞ ይካሄድ፤ ምሥጢሩ ይጠበቅ፤ ስለ መሞቻ መንገድ ወሬ አይነሣበት፤ የሠለጠነ ባለሙያም ይቆጣጠረው። ወላጆች ደግሞ ለብቻቸው ይሰብሰቡ፤ ምክንያቱም የታመመ ልጅ የያዘች እናት እንደ እርሷ ያለች ሌላ እናት እስክታገኝ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች ራሷን ትቀጣለችና። በዚያም ልጅን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራበት፣ ይልቁንም እንደሚያቀልለት ይማራሉ፤ የእርሻ መድኃኒትና የሐኪም ክኒን በቁልፍ ማኖርንም ይለምዳሉ። ሆኖም ማኅበሩ የሐኪምን ቦታ አይተካም፤ አደጋው የቀረበበት ልጅ ለአፍታም ብቻውን ሳይተው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አለ፤ ሰንበት ትምህርት ቤትና መስጊድ አለ፤ እድርም አለ። የጎደለው ሥልጠናና መደበኛ በጀት ነውና የዞኑ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በመጪው ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡት እናሳስባለን።

አንተም ይህን የምታነብ ወጣት፣ አንቺም እንዲሁ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ እስከ ነገ አታቆዩት፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩት፣ አብሯችሁም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ጠይቁት።