ሜዳው ከግቢው በር ውጭ ነው

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አበው። በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር እጩ መምህራን አካባቢያችንን የምናውቀው በታክሲ መስኮት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መገናኛን የምናውቀው በሰልፉ ነው፤ ገርጂን «ወራጅ አለ» በምንልበት ቦታ፣ አያትን ደግሞ ባቡሩ በሚያበቃበት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ግን ሕፃናትን «ተነሱ፣ ሩጡ፣ ሰውነታችሁን አጎልምሱ» የምንለው እኛው ነን። እግራችን ያልረገጠውን እንዴት አድርገን እናስተምራለን? በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን ላካፍል ብዬ ይህችን አጭር ጽሑፍ አቀረብኩ።

እንደሚታወቀው የሰውነት ማጎልመሻን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው በሰሌዳ ነው። ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትመታ በደብተራችን ጽፈናል፣ ለፈተናም አጥንተናል። ዳገት ወጥቶ፣ የእጁን አንጓ ይዞ፣ የገዛ ልቡን ምት የቆጠረ ግን ከመካከላችን ስንት ነው? ይህን የምለው መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ግቢው ጠባብ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ኳሱም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ግቢው ከጠበበ ሰፊው ሜዳ ከበሩ ውጭ ተዘርግቶ ይጠብቀናል።

እስቲ ከበሩ ውጭ ያለውን እንመልከት። ሌላው አገር የባሕር ዳርቻ አለው፤ እኛ ደግሞ ከፍታ አለን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ሜዳ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲሄዱ መሬቱ እያደገ ሄዶ እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በከተማችን ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችንም ይህን ጉድለት ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። የውጭ አገር ሯጮች ገንዘብ ከፍለው ከፍታ ፍለጋ የሚንከራተቱት ለዚሁ ነው። እኛ ግን በነጻ የተሰጠንን ተኝተን እናረፍድበታለን!

ለጀማሪ የሚሆኑ ሦስት መንገዶችን ልጠቁም።

አንደኛው የእግር ጉዞ ነው። ወደ የካ ተራራ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ ከአለት ተፈልፍሎ እስከ ተሠራው ዋሻ ሚካኤል ድረስ መውጣት ይቻላል። ይህ ጉዞ የታሪክም የጂኦግራፊም ትምህርት ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ ሰው ከተራራው የሚወርደው ውኃ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ እንደሚሄድ ያለ ካርታ ይገባዋል። ብቻ ለብቻ አይኬድም፤ በቡድን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ውኃ ተይዞ መሆን አለበት። አካባቢው የጅብ አገር መሆኑንም ማንም አይርሳ።

ሁለተኛው የሩጫ ነው። ከኮተቤ በለገጣፎ አድርጎ ወደ ሰንዳፋ የሚያወጣው የደሴ መንገድ ስመ ጥር አትሌቶቻችን ለረጅሙ ልምምዳቸው የሚመርጡት ነው። ሰንዳፋ ከከተማው መሐል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ እዚያ ድረስ ሩጡ አልልም፤ ኧረ ማን ይችለዋል! ለገጣፎ ድረስ በታክሲ ሄዶ ከአስፋልቱ ወጣ ባለው ጥርጊያ መንገድ ላይ በሦስት ኪሎ ሜትር መጀመር ይበቃል። አፈር ደግሞ ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይራራል።

ሦስተኛው የብስክሌት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ በኢምፔሪያል በኩል እስከ መገናኛ ባለው፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ጎዳና የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ይህን ስል የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ጊዜ የለም» የሚል አለ። ካፌ በር ላይ ቆመን የምናሳልፈው ጊዜ ከየት መጣ ታዲያ? «ጫማ የለኝም» የሚለው ግን የምር ነው። አንዳንዱ ለዚህ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው» ይላል። እርግጥ አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ግን ጫማ አድርጎ ነው። ስለዚህ ጫማ ያጣ ልጅን በአበበ ስም ማባበል የመምህር ወግ አይመስለኝም። ጫማ የሌለው በእግር ጉዞው ይጀምር፤ ያለንም እንዋዋስ።

ከሁሉ የከበደው የሴት እኅቶቻችን ጥያቄ ነው። ቱታ ለብሳ የወጣች ሴት ከመንደር ውሻ ይልቅ የምትፈራው የወንዱን ለከፋ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ እሷ ቤት መቅረቷ አይደለም፤ እኛ ወንዶቹ አፋችንን መሰብሰባችን ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ያላጨበጨበ ቤተሰብ አልነበረም ይባላል። ለደራርቱ የሚያጨበጭብ እጅ ያለው ሰው ለጎረቤቱ ልጅ የሚሳደብ ምላስ ሊኖረው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በዋናው ጎዳና ላይ መንገድ መሠራቱ መልካም ነው። ልጆች ግን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዩኒፎርሙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አርፍዶ መጣ። ብጠይቀው «ቲቸር፣ መኪናው ሲመጣ ቦዩ ውስጥ ገባሁ» አለኝ። ይህን ልጅ በማርፈዱ ልቀጣው ነው? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለስ ነበር። ደብተር ይይዝበት የነበረው እጁ ካደገም በኋላ በሩጫው ላይ ታጠፍ ብሎ ይታይ ነበር። ዛሬ ከመገናኛ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው ጎዳና በስሙ ይጠራል። ነገር ግን የእኛ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በሰላም የሚሮጥበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ከሌለው፣ ጎዳናን በሯጭ ስም መሰየሙ ብቻ ምን ይጠቅመዋል? ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ ቲሸርት ለብሰን እንወጣለን፤ በማግሥቱ ቲሸርቱ ሣጥን ይገባል፣ ልጁም ወደ ቦዩ ይመለሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ዘወትር ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ከስፖርት መምህራን ጋር ተራ በተራ እየመራን በቡድን እንውጣ።

2ኛ. የብስክሌት ዕቁብ እንጀምር። ከኪስ ገንዘባችን ጥቂት ጥቂት ብናዋጣ በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ያገለገሉ ብስክሌቶች የጋራችን ሊሆኑ ይችላሉ።

3ኛ. የጂኦግራፊና የስፖርት ክፍሎች ተባብረው የእነዚህን መንገዶች ካርታ ከነርቀታቸው፣ ከነዳገታቸውና ከነአደጋቸው ሥለው ከዚህ ጋዜጣ ጎን ይለጥፉልን።

4ኛ. እያንዳንዱ እጩ መምህር ለልምምድ ሲመደብ ቢያንስ አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር እስከ ሠፈራቸው በእግሩ ይሂድ። ክዳን የሌለውን ቱቦ፣ መሻገሪያ የሌለውን መንገድ፣ መኪና የሚቆምበትን የእግረኛ መተላለፊያ ይመዝግብ። ዝርዝሩ ተሰብስቦ በተቋማችን በኩል ለወረዳው ይቅረብ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የልጁን መንገድ በእግሩ የሚያውቅ መምህር ማርፈዱንም፣ ድካሙንም፣ ጉብዝናውንም በትክክል ይመዝናል።

ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ያለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይመልስልኝ። እስከዚያው ግን አሳቤ ከወረቀት እንዳይቀር እኔ በመጪው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በር ላይ እገኛለሁ። የሚመጣ ይምጣ፤ ውኃ መያዝ አይረሳ።